ሱሪዬና የአባ ደቻሳ ስንዴ

አንዳንዱ ጅብ ይፈራል፣ አንዳንዱ ሚስቱን። እኔ የምፈራው ሱሪዬን ነው። አትሳቅ፣ ልንገርህ።

ለቡ ነው የምሠራው፣ ሕንፃ ላይ፣ አሸዋና ሲሚንቶ ተሸካሚ ነኝ። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ላይ ተሰነባበትን፤ ከዚያ ወዲህ ያልደከመኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ከቤቴ ከጀሞ ስመጣ ታክሲ ላይ እንዳልጋፋ በአቋራጭ ነው የምሄደው። አቋራጩ ምን መሰለህ? የአባ ደቻሳ ስንዴ ነው። ዙሪያው ሁሉ ፎቅ ሆኖ አንዲት ቁራጭ ማሳ መሃል ላይ ቀርታለች። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ አፈር ሲገፉ የኖሩ ናቸው፤ ሰው ቢያልፍ አይቆጡም። ልጆቻቸው ግን ቁርጡን ነግረዋቸዋል። ዘንድሮ ምርት ከጠፋ እርሻ በቃ፣ መሬቱ የብሎኬት ማምረቻ ይሆናል።

መስከረም ላይ ስንዴው ቢጫ ቢጫ ማለት ጀመረ። አባ ደቻሳ ደስ አላቸው። ጎረቤቱም ሲያልፍ "እንኳን ደስ ያለዎት፣ ቀድሞ ደረሰልዎት" ይላል። በመስከረም የሚደርስ ስንዴ የት አለ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰሙም? ግን ደስ ያለው ሰው ወር አይቆጥርም። እኔ ደግሞ በየቀኑ ሥራ ስደርስ ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ቢጫ ዱቄት ነው። ካቦው፣ አሠሪያችን ማለቴ ነው፣ "ዛሬም እርድ ስትፈጭ አደርክ?" ይለኛል። ስቄ አራግፈዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የሽማግሌውን የልጅ ልጅ፣ ጫልቱን፣ ማሳው ውስጥ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አያቷ አጠገቧ ቆመዋል። ኮሌጅ እርሻ ነው የምትማረው። ቅጠል ቀጥፋ መዳፏ ላይ አሸት አደረገችው። መዳፏ ቢጫ ሆነ።

"አባባ፣ ይሄ መድረስ አይደለም። ዋግ ነው።"

"ዋግ ቀይ ነው። እኔን ዋግ ልታስተምሪኝ ነው?" አሉ።

ቁጭ እንዳለች ለየችላቸው። ቀዩ ግንዱን ነው የሚይዘው። ብርቱካናማው ቅጠሉ ላይ ብትን ብትን ይላል። ይሄ ቢጫው ደግሞ ቅጠሉ ላይ ይሰለፋል፣ ልክ በመኪና እንደተሰፋ። ሁሉም የሻጋታ ዘመድ ናቸው፣ ግን አንዱ ያንዱን ቦታ አይነካም። የሞተ ነገር አይበሉም አለች። ሕይወት ያለው ላይ ነው የሚኖሩት፣ ቶሎ እንዳይሞትባቸው ቀስ እያሉ ነው የሚመጥጡት። ካቦአችን ትዝ አለኝ።

ከዚያ ተነስታ ማሳውን ራቅ አድርጋ አየችው። እኔም አየሁ። ቢጫው በጣም የጠናው አንድ ሰው በሚያሳልፍ መስመር ላይ ነው። ከጀሞ በኩል ተነስቶ፣ እርምጃ በእርምጃ፣ እስከ ሕንፃችን።

"በዚህ ማነው የሚያልፈው?" አለች።

ሦስታችንም ሱሪዬን አየን።

ክረምት ላይ ገጠር ወርጄ ቢጫ የመታው ስንዴ ሳርም ይሄንኑ ነበር የለበስኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ተናገርኩ። ጫልቱ "ነፋስም ያመጣዋል እኮ" ብላ ልታቀልልኝ ሞከረች። አባ ደቻሳ ጉልበቴን ብዙ አይተው፣ "እኔ አንዴ ዘራሁ። አንተ በላዩ ደገምከው" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጫልቱ ለቢጫው የሚሆነውን መድኃኒት አመጣች፣ መርጫውን ተሸክሜ መስመሩን እኔው ረጨሁ። ሱሪውን ቀቅዬ አጠብኩት፣ ቤት ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፣ ሌላ ለበስኩ። በአስፋልቱ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አባ ደቻሳ አስጠሩኝ። የረጨሁት ላይ በሽታው ቆሟል። ባልረጨነው ጎን ግን አዲስ ቢጫ መስመር ወጥቷል፣ ከጀሞ በኩል እስከ ሕንፃችን፣ ስፋቱም እርምጃውም የኔ።

"አባ፣ እኔ እኮ በአስፋልት ነው የምሄደው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ልጄ። ስንዴው አልተረገጠም።"

እውነታቸውን ነው። አንድ የተሰበረ አገዳ የለም። ጫልቱ ነፋስ ነው አለች። ነፋስ ይራመዳል እንዴ? እሱንም ረጨነው።

ቤት ገብቼ ወደ ሚስማሩ ዞር አልኩ። የቀቀልኩት ሱሪ እስከ ጉልበቱ ቢጫ ነው።

ስንዴው ግማሹ ተረፈ። ልጆቹም ለከርሞ ይታረስ አሉ፣ ብሎኬቱ ቀረ። ሱሪውን ግን ልጣለው ስል ፈራሁ፣ ከጣልኩት የት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ? በሽታን መናገር መድኃኒት ነው ያለኝ ሰው ይምጣና ያነጋግረው። እኔማ የኔን ተናግሬያለሁ። ካቦው ደግሞ በቀደም "ምነው በጠዋቱ ድክም አለህ፣ ሌላ ሥራ ጀመርክ እንዴ?" አለኝ። ምን ልበለው? የሚሄደው ሱሪው፣ የሚደክመው እኔን።