ቲቸር ኦዱሮ እና የደም ዘመዶች

ሰው ወድቆ ሲያገኝ ከማንሳቱ በፊት ስለ መሬት ስበት የሚያስረዳ አንድ ሰው ከየትኛውም ግቢ አይጠፋም። ለእኛ ለኩማሲ ከተማ ሰዎች የደረሱን ሊቀ ሊቃውንት፣ የባዮሎጂ አስተማሪ የነበሩት ቲቸር ኦዱሮ ናቸው። ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ከማስተማሩ አይደለም።

ሙዝ ጠብሳ የምትሸጠው ማሜ ሴርዋ ጣቷን በቢላ ቆርጣ፣ እንደ ሰፈራችን ወግ ደም ያቆማል የሚባለውን የአቼምፖንግ ቅጠል ልትጨምቅበት ስትል ቲቸር ቅጠሉን ቀሟትና ጣቷን በጨርቅ ጫን አሉት።

«ስሚኝ። መርዶ ለአጎት በቀጥታ ይነገራል?»

«አይነገርም፣ ቲቸር።»

«ለታላቅ እህት ይነገራል፤ እሷ ለሽማግሌው፣ ሽማግሌው ለአጎት። ደምሽ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖችም በተራ ነው የሚቀሰቃቀሱት። መሀል ላይ አንዱ ከጎደለ ዘመዱ ሁሉ ተኝቶ ይቀራል፤ አንቺም ስትደሚ ትውያለሽ።»

«ሙዜ እያረረ ነው እኮ!»

«ይረር። ገና ታላቅ እህት ጋ ነን።»

ሙዙ አረረ። ከዚያ ወዲህ የግቢው ሰው እንቅፋት ሲመታው ደሙን ደብቆ በጓሮ ማለፍ ለመደ። እኔም ስሸሻቸው ኖሬ፣ በቀደም ሣር ስመነጥር ገጀራው ከጉልበቴ በታች አገኘኝ። ደሜ ጫማዬን ሞላው። ማሜ ሴርዋ ታክሲ ፍለጋ ስትሮጥ ቲቸር ፎጣቸውን አጥፈው ቁስሌ ላይ በሁለት እጃቸው ተጫኑ።

«ልሞት ነው፣ ቲቸር።»

«ገና ምዕራፍ አንድ ላይ? መጀመሪያ የተቆረጠው የደም ሥር ይጨማደዳል። ቀጥሎ ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅኖች እንደ ጎረቤት ደርሰው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ጎረቤት ግን ሲመሽ ይበተናል፤ የሚያድረው ዘመድ ነው።»

ፎጣውን ገልጬ ለማየት እጄን በሰደድኩ ቁጥር አንድ ዘመድ ይጨምራሉ። ለካ ቶሎ መግለጥ የጀመረውን መርጋት ያፈርሰዋል፤ ያ ሁሉ ትምህርት የእኔን እጅ ማሰሪያ ኖሯል። የማሜ ሴርዋም ጣት የዳነው በዚሁ ነው።

የመጨረሻው ፕሮቲን ክር ሆኖ ሁሉንም ጠልፎ ሲሰፋ ትምህርቱ እዚያ ላይ ቆመ። የቲቸር እጅ ላላ አለ። ሽማግሌ መሆናቸውን ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ቢለቁኝስ ብዬ ፈራሁ።

«ከዚያስ፣ ቲቸር?» አልኳቸው።

በግቢያችን ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። ፊታቸው በራ፤ እጃቸውም ጠበቅ አለ። ታክሲው ውስጥም ሳይለቁኝ፣ ማስተማራቸውንም ሳያቋርጡ ሆስፒታል ደረስን።

ነርሷ ፎጣውን ተቀበለቻቸውና «በቃ አባባ፣ እርስዎ እዚህ ይቆዩ» አለቻቸው።

«አይ፣ ይግቡ» አልኳት። «ገና አልጨረሱልኝም።»