ብሎኬት የተሸከምኩ ቀን

ሬስሊንግ ውሸት ነው የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል። ተስማምተው ነው የሚደባደቡት፣ ደሙም ቀለም ነው ይሉኛል። እሺ፣ ይሁን። ተስማምተው ከሆነ እኮ ጎበዞች ናቸው። እኛ ምንም ሳንስማማ ነው የገባንበት።

እኛ ማለት ሦስት ነን። ማቴዎስ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ነበር ልበል። ሀብታሙ ሞባይል ይጠግናል። እኔ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብዬ ማህተም የምመታ፣ ቦርጬ ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነኝ። ባህል አዳራሽ ሰፈር አብረን አድገን፣ ሦስታችንም አርባን ተሻግረናል። ይኼን ዕድሜ ያዙልኝ፣ በኋላ ትታዘቡኛላችሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሀብታሙ ቤት ሬስሊንግ እናያለን። መቼም የሚታየው ጉድ ነው። አንዱ ሌላውን አናቱን ቁልቁል አድርጎ ይተክለዋል። ወንበር አንስቶ ጀርባው ላይ ይሰብርበታል። ግንባሩ የተተረተረ ሰውዬ ዓይኑ ውስጥ የገባውን ደም እየጠረገ ሲንፏቀቅ፣ እኛ ቆሎ እንቆረጥማለን። የሀብታሙ ሚስት አንድ ቀን፣ ይኼ ሰውዬ እናት የለውም ወይ ብላ ጠየቀችን። ሳቅንባት። አሁን ሳስበው እዚያ ቤት ውስጥ ጤነኛዋ እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ እሁድ ማቴዎስ ከቸርች፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ተገናኝተን፣ ከሀብታሙ ጋር ሐይቁ ዳር ዓሣ በላን። ከዓሣው በኋላ ክርክር ተነሳ። ማቴዎስ፣ አንተን ከነቦርጭህ አንድ እጄ ይበቃሃል አለኝ። እንዲህ ተብዬ ዝም ልበል? ሸሚዛችንን አወለቅን። ሀብታሙ ዳኛም ቪዲዮ አንሺም ሆነ። ዓሣ ሊበላ የመጣው ሰው ሁሉ ከበበን። ጭብጨባውን ስሰማ እኔም የለየልኝ እብድ ሆንኩ። ማቴዎስን ወገቡን ይዤ፣ ልክ ፊልም ላይ እንደማየው ወደ ላይ አነሳሁትና አብሬው ወደቅሁ።

ፊልሙ ላይ የሚወድቁበት ወለል ያነጥራል። እኛ የወደቅንበት ሣር ውስጥ ግን የዋርካ ሥር ነበረበት። ማቴዎስ በቀኝ ትከሻው አረፈ፣ እኔ ደግሞ እሱ ላይ። ጮኸ። በግራ እጁ መሬቱን ደበደበ። ይኼ በሬስሊንግ በቃኝ ማለት ነው፣ ሦስታችንም እናውቃለን። ግን ፊልም ላይም እንዲሁ ነው የሚጮኹት! አቤት ሲያስመስል ብዬ ይበልጥ ተጫንኩት። ሀብታሙ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ። ሰዉ አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ደግሞ ይብሳል። ሐኪም ቤት ብንሄድ ምን ሆናችሁ ሊሉን ነው። ምን ልበል? የልጆች አባት፣ ሬስሊንግ ስጫወት? አፈርኩ። ወጌሻ ጋ ወሰድኩት። አሽቶ፣ ስቦ፣ በጨርቅ ጠፍሮ ሰደደው። ማቴዎስም ለእኔ ብሎ፣ አዳልጦኝ ነው አላት ለሚስቱ። ሕመሙ አልለቅ ሲለው ከወር በኋላ ራጅ ተነሳ። ሐኪሙ፣ እስካሁን የት ነበራችሁ አለን። አጥንቱ ያለቦታው ገጥሟል። ያ እጅ ከደረቱ በላይ አይነሳም፣ የባጃጅ መሪም አይችልም። ዛሬ ማቴዎስ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። በግራ እጁ የሌላውን ባጃጅ ያሳልፋል።

ሚስቱ ቪዲዮውን አየችው። እሱ ሲጮህ እኔ ስስቅ። ደጇን እንዳልረግጥ ከለከለችኝ። እኔ ከማቴዎስ ተለይቼ መኖር አላውቅበትም፣ ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ።

ሽማግሌያችን ጋሽ ወርቁ፣ ያለ ድንጋይ ይቅርታ የለም አሉ። በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይገባል፣ ተበዳይ በእጁ ያወርድለታል። የማቴዎስ ዘመዶች ጸሎት ይበቃል ቢሉም ጋሽ ወርቁን ማን ይመልሳቸዋል? ማን ምን እንደሚል ሁሉ ከሁለታችንም ወገን ጋር አስቀድመው ተስማሙ። በቀኑ ግን ድንጋይ ታጣ። ሀብታሙ ከጎረቤት ግንባታ ብሎኬት ይዞ መጣ። ተሸከምኩት፣ አቀርቅሬ ማቴዎስ ቤት ገባሁ፣ ተንበረከክሁ።

የሚታየኝ የማቴዎስ ጫማ ብቻ ነው። ግራ እጁ ብሎኬቱን ሲነካው ተሰማኝ።

«በቀኝህ ነው እንጂ ልጄ» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ልማድ ሆኖባቸው።

«በቀኜ ማንሳት ብችል እዚህ ምን ሰበሰበን፣ ጋሼ?» አለ ማቴዎስ፣ ቀስ ብሎ።

በግራው ሞከረ፣ ከበደው። እኔ እንዳላግዘው ደንብ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በመጨረሻ ሚስቱ ተነስታ መጣችና በሌላው ወገን ያዘችለት። ብሎኬቱ ወረደ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባለ፣ ሰዉ አጨበጨበ።

ቀና ስል ሀብታሙ ጥግ ላይ ቆሞ ስልኩን ደግኗል። ይኼንን ቪዲዮ ያየ ሰው እንግዲህ፣ ተስማምተው ነው ይል ይሆናል። እውነቱን ነው፣ ይኼኛውን ተስማምተናል። እጁ ግን አሁንም አይነሳም።