ስዩመ መጋዘን ጃፓንን ሊገዙ ዘምተው ሩዛቸውን እንደጠበቁ

አዲሱ ሶፋ ወደ ሳሎን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ፕላስቲኩ ገና ሳይገፈፍለት፣ በዘመነ ነጠብጣብ፣ ይኸውም የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ወዲህ በሚቆጠረው ዘመን፣ በዕለተ እሑድ፣ ቁርስ ተነሥቶ ፍርፋሪው ገና ሳይጠረግ፣ ስዩመ መጋዘን፣ ዐቃቤ ቁልፍ፣ መኰንነ ሳሎን፣ ሪሞት ኮንትሮሉን ከእጃቸው ማንም ነጥቋቸው የማያውቅ ጌታችን፣ በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ዘመን፣ በማያውቁት ጨዋታ ላይ ይነግሡ ዘንድ ተነሡ። ይህ ዜና የተጻፈው የኋላ ሰው እንዲማርበት ነው፤ ባለታሪኩ ራሳቸው ለመማር እንዳልፈቀዱ ከዚህ በታች ይነበባል።

እኒህ ጌታ በሥራ ቦታቸው የአንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ስቶር ኪፐር ሲሆኑ፣ እምነታቸው አንዲት ነበረች፤ እርሷም ዕቃ የተሠራው ሊቀመጥ እንጂ ሊወጣ አይደለም የምትል ናት። አምፖል ሊጠይቅ የመጣ ሠራተኛ ቢኖር፣ ለምን ፈለግኸው፣ የቀድሞው ምን ሆነ፣ ደግሞስ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ምን አነሰው እያሉ ያደርቁታል፤ ሰውዬውም ተስፋ ቆርጦ ወደ ጨለማው ሲመለስ፣ መደርደሪያው እንደሞላ አይተው ደስ ይላቸዋል፣ በሩን ቆልፈውም ቁልፉን በኪሳቸው ላይ መታ መታ ያደርጉታል። አምፖሎቹ በካርቶናቸው ውስጥ ያረጃሉ።

የጦርነቱ ምክንያት እንዲህ ነበረ። አንዲት ሴት ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የምትገባበት ጊዜ ደርሶ፣ ምዝገባውም በማግስቱ የሚዘጋ ሆኖ ሳለ፣ እርሳቸው ሒሳብ አያያዝ እንድትማር አዘዋል፤ እርሷ ግን ልቧ በኮምፒውተር ሥዕልና ጨዋታ መሥራት ላይ ነው። በዚያ ጠዋት ሐሳባቸውን ብትለውጥ ብላ፣ በጥንታዊት ጃፓን መሳፍንት እርስ በርሳቸው የሚዋጉበትን የምትወደውን ጨዋታ ከፍታ፣ ጭጋግ የለበሱትን ተራሮችና በግንቡ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን በረዶ አሳየቻቸው፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚሠራ ሰው መሆን እንደምትፈልግም ነገረቻቸው። ጌታችንም ከት ብለው ሳቁ፣ ሻያቸውንም እስከ አተላው ጨልጠው አዋጅ ነገሩ፦

«ስሙ! ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው። እኔ የእውነት መጋዘን የያዝኩ ሰው ይሄ ያቅተኛል? ዛሬ እዚህችው ቁጭ ብዬ አንድ የጨዋታ ዓመት ግንቤ ሳይወድቅ ካለቀ፣ ነገ ሄደሽ ሒሳብ አያያዝ ትመዘገቢያለሽ፣ ዳግመኛ ስለዚህ ነገር አልሰማም። ከወደቀ ግን የፈለግሽውን ተማሪ፣ አፌን አልከፍትም!»

ይህን እንዲሉ ያስገደዳቸው ማንም አልነበረም። ልጅቱ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ ጨዋታው በመጀመሪያው ዓመት ለጀማሪ የሚያዝን መሆኑን፣ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው እንኳ ዓመቱን ሊዘልቅ እንደሚችል ታውቃለችና። ፈራች፤ ቢሆንም ራሷን ነቀነቀች፣ አዋጁም ጸና።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተሰበሰበ። በቀኝ የተሰለፈው የሚስታቸው ወንድም፣ ሊጠይቅ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ ሹመቱ ማጽደቅ፣ የቅጽል ስሙም «ልክ ብለዋል» የሆነ ጀግና ነው። በግራ የተሰለፈው የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ የተዋሰውን መሰላል ሊመልስ ብቅ ብሎ «ና ምስክር ሁን» ተብሎ የተያዘ፣ መሰላሉን በሁለት ጉልበቶቹ መካከል እንዳቆመ የተቀመጠ ምስኪን ነው። ደጀኑን የያዙት እመቤቲቱ ናቸው፤ ግዛታቸው ወጥ ቤት ነው፣ በዚያም ስማቸው ይፈራል። በስተኋላቸው የቆመችው ልጃቸው ናት፤ ጠላትም አስተማሪም እርሷው ነበረች፣ ጨዋታው በየት በኩል እንደሚጀመር ከእርሷ በቀር የሚያውቅ የለምና። የጌታችን የጦር መሣሪያ መነጽራቸውና በሻይ ትሪ ላይ የሚንከባለል አንድ ማውስ ነበረ።

ጨዋታውም የየትኛው ቤት መስፍን መሆን እንደሚሹ ቢጠይቃቸው፣ ሌላው ሰው ፈረሰኛውን፣ ተራራውን፣ ወደቡን አይቶ የሚመርጠውን፣ እርሳቸው ጎተራው ትልቅ የሆነውን መረጡ። ወዲያውም ከኮምፒውተሩ ማያ ጥግ ነጭ ጢም ያለው አንድ ሽማግሌ ብቅ ብሎ እጅ ነሣ፣ ጌታዬ መጀመሪያ ገበሬውን አይንኩ፣ መንገዱን ያስጠርጉ፣ ጎረቤትዎን ይወዳጁ የሚል ምክር በጽሑፍ ያቀርብ ጀመር፤ ይህ ሽማግሌ ጀማሪ እንዳይጠፋ ተብሎ የተሠራ ነበርና። ስዩመ መጋዘንም ተቆጥተው አዋጅ ነገሩ፦

«ይሄ ደግሞ ማነው? ሳልጠራው የሚናገር ሠራተኛ አልወድም። አጥፉልኝ!»

ልጅቱም ጠቃሚ መሆኑን ብትነግራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «ልክ ብለዋል» አጸደቀ። ሽማግሌውም ጎንበስ ብሎ ተሰናበተ፣ ከእርሱም ጋር በዚያ መንግሥት ውስጥ የነበረው አእምሮ ሁሉ አብሮ ወጣ።

በረዶው በቀለጠ ጊዜ ጌታችን ገበሬውን ሁሉ ከማሳው ነቅለው ጦር አስያዙት፣ ሩዙን የሚያርም እጅ እንኳ አላስቀሩም። ከመኳንንቱም መካከል አንዱ በጦር ጥበቡ የታወቀ ባለሪዝ ሰው ነበር፤ ሪዙ የድርጅታቸውን ሥራ አስኪያጅ ስላስታወሳቸው ብቻ ፊታቸውን ቋጠሩበት፣ ከጦር አዛዥነትም አውርደው የበር ዘበኛ አደረጉት። ይህን ሲያደርጉ በሳምንቱ ሁሉ ያላዩትን ደስታ አገኙ።

አሁን ጸሐፊው ብዕሩን ያዝ ያደርጋል፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ሠራዊት ከግንብ ሲወጣ፣ ከጎተራው ምን ያህል ሩዝ ስንቅ ይሰጠው ብሎ ጨዋታው ይጠይቃል፤ መልሱም ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ በምትገፋ አንዲት ትንሽ ምልክት ነው። ወደ ቀኝ የገፋት ሠራዊቱን ያጠግባል። ስዩመ መጋዘን ግን ያችን ምልክት ይዘው ወደ ግራ ገፏት፣ እንቢ እስክትልም ገፏት፣ እንቢ ካለችም በኋላ ለእርግጠኝነት አንድ ጊዜ ደገሟት፣ አዋጅም ነገሩ፦

«ስንቅ የሚባል ነገር የለም! ወታደር ከቤቱ በልቶ ይውጣ። ይሄ ሩዝ ቆጠራ ሳይደረግ ከዚህ በር አይወጣም!»

ልጃቸውም፣ ዝም ብትል ይበጃት የነበረ ቢሆንም፣ የእርሳቸው ሠራዊት ቢራብ የምታሸንፈው እርሷ ብትሆንም፣ አልቻለችምና ከኋላቸው አዋጅ ነገረች፦

«አባዬ፣ ስንቅ ካልሰጠሃቸው መንገድ ላይ ያልቃሉ። ትንሽ ወደ ቀኝ ግፋው።»

ጌታችንም ዓይናቸውን አጥብበው አዩአት። እንዲህ በለሰለሰ አንደበት አምፖል ሊያወጡ የመጡ ስንቶችን መልሰዋል! ጠላት ሠራዊትህን አብላ ቢል ተንኮል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ብለው በልባቸው ፈገግ አሉ፣ ምልክቷም በግራ እንደተጣበቀች ቀረች።

ሠራዊቱም ወጣ፤ በሰንደቅና በከበሮ አምሮ ወጣ፤ ድልድዩን ሳይሻገርም በየወታደሩ ራስ ላይ የባዶ ሳህን ምልክት ታየ። ይህች ሳህን ረሃብ ማለት ነበረች። ስዩመ መጋዘን ግን ሠራዊቱ የመመገቢያ ዕቃ እንኳ ሳይጎድልበት እንደዘመተ ለልብስ ሰፊው በኩራት አስረዱት፣ «ልክ ብለዋል»ም አጸደቀ። ከድልድዩ ማዶ ሰዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ጫካ ገቡ፤ ፊታውራሪው የቀሩትን ይዞ ወደ ጎረቤቱ መስፍን ዞረ፣ ይህም ጎረቤት ግንቡ የዶሮ ቤት የሚያህል፣ በጨዋታው ሁሉ ለመሸነፍ የተፈጠረ ምስኪን ነበር። ጌታችንም አላፈሩም፦

«ይሂዱ! በላተኛ ቀነሰልን!»

በዚያች ሰዓት ከደጀን በኩል የእመቤቲቱ አዋጅ ተሰማ፦

«ምሳ ቀርቧል! የመጣ ይበላል፣ ያልመጣ ለራሱ ይወቅ!»

ወኮነ ሁከት ዐቢይ። ልብስ ሰፊው መሰላሉን ትቶ ሮጠ፣ «ልክ ብለዋል» ቀደመው፣ የቀኙም የግራውም ክንፍ በአንድ ጊዜ ፈረሰ፣ ጌታችንም ከትሪና ከማውስ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። የሰው ልጅ ሠራዊት ወዴት እንደሚሄድ በገዛ ሳሎናቸው፣ በገዛ ዓይናቸው አዩ፤ ምንም አልገባቸውም። እርሳቸውም ዳቦ በእጃቸው እንዲመጣላቸው አዘዙ። ሠራዊቱም ጠግቦ ወደየቦታው ተመለሰ።

የመኸሩ ወራት ሲደርስ የሚያጭድ ሰው ጠፋ። የዶሮ ቤቱ መስፍንም ከጌታችን በከዱ ሰዎች ሠራዊቱ በዝቶለት፣ ልቡም አብጦ፣ መጥቶ ግንባቸውን ከበበ። በውስጥ የቀሩት ጥቂት ዘበኞች ናቸው፤ ጎተራው ግን እስከ ጣሪያው እንደሞላ ነው፣ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። በረዶ ይጥል ጀመር፣ ዓመቱ ሊሞላም ጥቂት ቀረው። ያን ጊዜ ጨዋታው ራሱ ያዘነላቸው ይመስል፣ ለዘበኞቹ ጎተራው «ይከፈት» ወይስ «አይከፈት» ብሎ በትልልቅ ፊደል ጠየቃቸው።

ልጅቱም አየች። አንድ ጊዜ ከተመገቡ በሩን ይይዛሉ፣ በሩን ከያዙ ዓመቱ ያልቃል፣ ዓመቱ ካለቀ እርሷ ያ የምትመኘው ነገር ሁሉ አልቆላት በማግስቱ ለሒሳብ አያያዝ ትሰለፋለች። ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ታውቃለች። የአባቷን ጣት ወደ ክፉው ፊደል ሲሄድ ባየች ጊዜ ግን ትከሻቸውን ይዛ ጮኸች፦

«አባዬ፣ ክፈትላቸው! አንድ ጊዜ ብታበላቸው እኮ ዓመቱ ያልቅልሃል፣ ታሸንፋለህ! እባክህ ስማኝ!»

«ልክ ብለዋል» እንኳ ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጸድቀው አጥቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ስዩመ መጋዘን ትከሻቸውን ነጠቁ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ «አይከፈት» የሚለውንም ተጫኑ።

ባለሪዙ ዘበኛም በሩን ከውስጥ ከፈተው። ጠላት ገባ፣ የጎተራውን መዝጊያ ገነጠለ፣ ትልልቅ ድስቶችም ተጣዱ፤ ይህ ጨዋታ ጥንቁቅ ሰዎች የሠሩት ነውና የገባውም የተማረከውም ባንድ ግቢ ተቀምጦ ያን ሩዝ ሲበላ፣ የድስቱ እንፋሎት በበረዶው ላይ ሲወጣ በግልጽ ይታይ ነበር። በላዩም «ግንብዎ ወድቋል» ተብሎ ተጻፈ።

ጌታችን ግን ዓይናቸውን በጨው አጥበው ተነሡ፦

«አልወደቀም! ሩዙ እንዳለ ነው፣ እጅ ነው የቀየረው። ደግሞ ማውሱ እምቢ ብሎኝ ነበር። ይሄ አይቆጠርም!»

ልብስ ሰፊው መሰላሉን ተደግፎ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ምስክርነቱንም በአዋጅ ነገረ፦

«ጋሼ፣ እኔ ጎረቤት ነኝ፣ መጣላት አልፈልግም። ግን ‹ከወደቀ› ሲሉ ሰምቻለሁ። ወድቋል።»

እመቤቲቱም የእጅ ፎጣቸውን እንደያዙ ከወጥ ቤት ደጃፍ ብቅ አሉ፦

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ልጅቷ እኮ አሸንፍ እያለች ስትጮህልህ ነበር! በገዛ ራሷ ላይ! ማን አባት ነው ይሄን የማይሰማ?»

ስዩመ መጋዘን ዞረው ልጃቸውን አዩ። ጉንጯ እርጥብ ነበረ። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ሳሎን ውስጥ እውነቱን የነገራቸው አንድ ሰው ብቻ እንደነበረ፣ ያም ሰው በእውነቱ የሚጎዳው ራሱ እንደነበረ፣ ዘግይቶም ቢሆን ገባቸው፤ እንደገባቸውም አፈሩ፣ ፊታቸውም ሲቀላ ሁሉም አየ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሳይቆሽሽም ጠረጉት። የመጨረሻውንም አዋጅ ነገሩ፣ ድምፃቸው ግን ከወትሮው ዝቅ ያለ ስለነበረ ልብስ ሰፊው ጆሮውን ማቅረብ ነበረበት፦

«ልጄ ልክ ነበረች። እኔ ነኝ ያልሰማኋት። ግንቡ ወድቋል። ነገ ጠዋት ሄዳ የፈለገችውን ትመዝገብ፤ ሰልፉን እኔ ሄጄ እይዝላታለሁ።»

ልጅቱም ወደ ክፍሏ ሮጠች፣ ከበሩም በስተጀርባ ልቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየ ድምፅ ለብዙ ጊዜ ተሰማ።

እንግዲህ ምስጋና ይድረስ ለስዩመ መጋዘን፣ ለታላቁ ተሸናፊ፣ ጠላት ሳይመታቸው ለተሸነፉት፣ ወዳጅ ሲጮህላቸው ለደነቆሩት፣ ያልበሉትን ሩዝ ለጠላት አጥግበው ለሰጡት። በዘመናት ሁሉ ያሸነፉ ነገሥታት ብዙዎች ናቸው፣ ስማቸውም በድንጋይ ተቀርጿል፤ ተሸንፎ ለልጁ እንዲህ ያለ ነገር የሰጠ ግን እምብዛም አልተጻፈለትምና ክብሩ ከፍ ይበል፣ ዕድሜው ይርዘም። «ልጄ ልክ ነበረች» የሚለውን ቃል ሌሎች አባቶች ቁርስ ላይ፣ ዳቦ እየቆረሱ፣ የአንድ ወታደር ደም ሳይፈስ ይናገሩታል፤ ለእርሳቸው ግን ጃፓን መጥፋት ነበረባት።