ከምንመለስ ለምን ወጣን?

(ዮርክሸር፣ በሐምሌ አጋማሽ፣ ጭቃ ውስጥ የተተከለ የሙዚቃ ፌስቲቫል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ከትንሹ መድረክ ጀርባ፣ የእንጨት ደረጃ ሥር ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ባርናቢ ዘፋኝ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ፣ ሸሚዙ ጠባብ፣ ጉልበቱ በፋሻ የታሰረ። ኬልቪን ከበሮ መቺ ነው፤ በሥራ ቀን ሊድስ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። ሁለቱም አሁን ከመድረክ መውረዳቸው ነው። ከወዲያ በኩል ጭብጨባ ይሰማል። ደረጃው አናት ላይ አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ ቆማለች፤ እሷ አትናገርም።)

ኬልቪን፦ አልገባኝም።

ባርናቢ፦ ሃያ ዓመት ያልገባህ ነገር ዛሬ በምን ተአምር ይግባህ?

ኬልቪን፦ ልንመለስ ነው አይደል?

ባርናቢ፦ እንመለሳለን።

ኬልቪን፦ ታዲያ ከምንመለስ ለምን ወጣን?

ባርናቢ፦ እንዲጠሩን ነዋ!

ኬልቪን፦ እዚያው ነበርን እኮ። ማንን ይጥሩ?

ባርናቢ፦ አንተ ሰውዬ፣ ወግ ነው! ዘፋኝ «ደህና ሁኑ» ይላል፣ ይወርዳል፣ ይደበቃል። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ይለምናል። ያኔ ግዱን ብቅ ይልና የተወደደችውን ዘፈን ያወጣታል። አርቲስት ያልተለመነውን አይሰጥም።

ኬልቪን፦ እኔ ተሳፋሪዎቼን «ደህና ሁኑ» ብዬ ቁጥቋጦ ውስጥ ብደበቅ የሚለምነኝ ያለ አይመስለኝም።

ባርናቢ፦ አውቶቡስና ጥበብ አንድ ሆነብህ?

ኬልቪን፦ አይ። አውቶቡስ ሰዓት አለው።

(ጭብጨባው ሞቅ ይላል። ባርናቢ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል።)

ባርናቢ፦ ስማ! እየለመኑ ነው።

ኬልቪን፦ ዘፈኗ ስንት ደቂቃ ናት?

ባርናቢ፦ ራስህ ስትመታት የኖርካትን ዘፈን እኔን ትጠይቀኛለህ? ሦስት ደቂቃ ከአርባ። ምን ሊያደርግልህ?

ኬልቪን፦ እንዲያው ነው።

ባርናቢ፦ እንዲያው! ስማኝ ኬልቪን። ፊሊፓ መድረኩ ጎን ቆማለች። አሥራ ሁለት ከተማ ለኮንሰርት ይዛን የምትዞር ሰው ካለች እሷ ናት። «አውቶቡሱ አምልጦናል» የምትለዋን ዘፈናችሁን ሰምቼ እወስናለሁ ነው ያለችው። ሌላውን ዘፈን ስንጫወት ስልኳን ነበር የምታየው፤ አይቻታለሁ።

ኬልቪን፦ እኔም አይቻታለሁ። ታዲያ ለምን ቶሎ አንጫወትላትም?

ባርናቢ፦ ናፍቃ እንድትሰማት! እኔ እኮ… (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እኔ እኮ ፈርቻለሁ። የእህቴ ትርፍ ክፍል ውስጥ ነው የምኖረው። ሐሙስ ሐሙስ ለአምስት ጡረተኞች ስለ ፓንክ ሙዚቃ አስተምራለሁ፤ ሁለቱ የሚመጡት ማሞቂያው ደህና ስለሆነ ነው። ይቺ ካመለጠችኝ ሌላ አትመጣም።

ኬልቪን፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሰዓቱን የምጠይቅህ።

ባርናቢ፦ ሰዓት ሰዓት አትበለኝ! ይልቅ ሻይህን ጠጣ።

ኬልቪን፦ ከበሮው አጠገብ ረስቼዋለሁ። ላምጣው?

ባርናቢ፦ አጎንብሰህ ሂድ። እንዳያዩህ!

(ኬልቪን ደረጃውን ይወጣል። ጥበቃዋ የእጁ አንጓ ላይ የታሰረውን ብርቱካንማ የመድረክ መግቢያ ጨርቅ አይታ ታሳልፈዋለች። ወዲያው ከሜዳው ትልቅ ጩኸት ይነሳል። ባርናቢ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። ኬልቪን የወረቀት ኩባያ ይዞ ይመለሳል።)

ባርናቢ፦ ሰማህ? ስሜን እየጠሩ ነው!

ኬልቪን፦ እኔን አይተው ነው። አንዷ «ኬልቪን፣ ሻይህ ቀዘቀዘ!» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ባርናቢ፦ የዋህ ነህ። ከበሮ መቺ አይቶ የሚጮህ የት አለ? ይሄን ቡድን ያቆመው ማን ሆነና! «የማዘጋጃ ቤት ላብ» የሚለውን ስም ማን አወጣው?

ኬልቪን፦ አንተ።

ባርናቢ፦ ያ ምድር ቤት ትዝ ይልሃል? ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሥር? የመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ ሰው ጨፈረ። ለምን? ግጥሜ ቁጣ ስለነበረው!

ኬልቪን፦ እኔ ማሽኖቹን ነበር የምከተለው። ልብስ ሲጨምቁ ደህና ምት ነበራቸው። ወለሉም ይንቀጠቀጥ ስለነበር ዝም ብሎ መቆም አይቻልም።

ባርናቢ፦ ያንተ ነገር! የመጀመሪያው አልበማችን በልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው የታወቀው በለኛ!

ኬልቪን፦ ሁለተኛውን ግን ያለ ማሽን ነው የሠራነው።

ባርናቢ፦ ሁለተኛው የብስለት አልበም ነው።

ኬልቪን፦ ስለ ባቡር ሐዲድ ወደ ግል መዛወር አሥራ አንድ ደቂቃ ዘፈንክ።

ባርናቢ፦ ሕዝቡ እንዲያስብ!

ኬልቪን፦ አሰበና ወደ ቤቱ ሄደ። አንድ ሰው ብቻ ሲዘል ነበር። ኋላ ስንጠይቀው ሸሚዙ ውስጥ ንብ ገብታበት ነው።

ባርናቢ፦ ተቺዎች ወደውታል።

ኬልቪን፦ በሦስተኛው እኔን አባረርከኝ።

ባርናቢ፦ አላባረርኩህም። እረፍት ሰጠሁህ።

ኬልቪን፦ ስምንት ዓመት።

ባርናቢ፦ …በዛ እንዴ?

ኬልቪን፦ ቅር አላለኝም፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁበት። ቤዝ ተጫዋቹ ጥርስ ሐኪም ሆነ፣ ጊታር ተጫዋቹ ኮርንዎል ገብቶ ንብ ያረባል። ቀረን ሁለታችን። አሁን ቤዙ ከማሽን ነው የሚወጣው፣ እሱንም በግራ እግሬ የምረግጠው እኔ ነኝ። ስንት ሰዓት ነው?

ባርናቢ፦ ዘጠኝ ከሃያ አራት። ደግሞ ጀመርከኝ!

(ባርናቢ ከኬልቪን የከበሮ ቦርሳ መቀስ ያወጣል። የራሱ እጅ አንጓ ላይ ያለውን ብርቱካንማ ጨርቅ መቁረጥ ይጀምራል።)

ኬልቪን፦ እሱን እኔ ብሆን አልቆርጠውም።

ባርናቢ፦ ለዚህ ነው አንተ ያልሆንኩት። ስመለስ ባዶ እጄን ወደ ሰማይ እዘረጋለሁ። የክረምት ካምፕ ሕፃን ይመስል ብርቱካንማ ጨርቅ አስሬ ልዘርጋ? ከሸሚዜ ጋር አይሄድም።

ኬልቪን፦ እሱ እኮ…

ባርናቢ፦ ኬልቪን! ስለ መድረክ እኔን አታስተምረኝ።

(ጨርቁ ጭቃው ላይ ይወድቃል፤ ባርናቢ መቀሱንም እዚያው ይጥላል። ጥበቃዋ ወደ ታች ታያለች።)

ኬልቪን፦ እሺ። ስንት ሆነ?

ባርናቢ፦ ዘጠኝ ከሃያ ስድስት። ሁለት ደቂቃ እንጨምርባቸው፣ በደንብ ይቃጠሉ።

ኬልቪን፦ (ኩባያውን አስቀምጦ) መነሻዬ ደርሷል።

ባርናቢ፦ የምን መነሻ?

ኬልቪን፦ የሰጡንን ወረቀት አላነበብክም። ዘጠኝ ተኩል ሲል ድምፁን ከዋናው ይቆርጡታል። ልመና የሚሰሙት ማታ ለሚጫወቱት ነው። ከሰዓት በኋላ ልመና የለም።

(ደረጃውን ይወጣል።)

ባርናቢ፦ ቆይ! ገና ነው! ኬልቪን!

(ከላይ የዘፈኗ መክፈቻ የሆነው የቃጭል ድምፅ፦ አራት ጊዜ። ሜዳው ይፈነዳል። ከበሮው ይቀጥላል፣ ቤዙ ይገባል። ባርናቢ በታሰረ ጉልበቱ ደረጃውን ይሮጣል። ጥበቃዋ እጇን ዘርግታ ታቆመዋለች።)

ባርናቢ፦ እኔ ነኝ። ዘፋኙ።

(ጥበቃዋ የገዛ አንጓዋን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች።)

ባርናቢ፦ አሁን እኮ በዚህ ነው የወረድኩት! አይተሽኛል! ሸሚዜን እይው፣ እንዲህ ያለ ሸሚዝ ለብሶ የሚመጣ ተመልካች አለ?

(ጥበቃዋ ሸሚዙን ታየዋለች። አንጓዋን ትነካለች። ባርናቢ ወርዶ ጭቃውን ይቆፍራል፣ ጨርቁን አግኝቶ በጥርሱ ለማሰር ይታገላል። ጥበቃዋ በቀስታ ራሷን ትነቀንቃለች። የተቆረጠ አይቆጠርም። ከላይ የዘፈኑ ግጥም ይጀምራል፤ የሚዘፍነው ሕዝቡ ነው።)

ባርናቢ፦ (ለራሱ) ያውቁታል። ሁለተኛውን ስንኝ እንኳ! እኔ ራሴ ሁልጊዜ የምስተውን… አልሳቱትም።

(ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን ከሕዝቡ ጋር ያንቀሳቅሳል። ዘፈኑ ያልቃል። ወዲያው ሁሉም ድምፅ ጭጭ ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ጥቂት ቆይቶ ኬልቪን ላብ በላብ ሆኖ ይወርዳል፣ ሻዩን ያነሳል።)

ባርናቢ፦ ያለ እኔ እንዴት ሆነ?

ኬልቪን፦ ደህና ነው።

ባርናቢ፦ ፊሊፓስ? ሄደች አይደል? በቃ፣ አለቀልኝ።

ኬልቪን፦ አልሄደችም። ወስዳናለች። አሥራ ሁለቱንም ከተማ።

ባርናቢ፦ (ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቆይቶ) አላልኩህም! መውጣት ነበረብን ብዬህ አልነበረም?

ኬልቪን፦ እሷም እሱን ነው ያለችው። «ዘፋኙ ትልቋን ዘፈኑን ለሕዝቡ ትቶ መቅረቱ! እንዲህ ያለ ትሕትና አይቼ አላውቅም» አለች። አልቅሳለች ትንሽ።

ባርናቢ፦ የኔ… ትሕትና?

ኬልቪን፦ እኔም ገርሞኛል።

ባርናቢ፦ ምን አልካት?

ኬልቪን፦ የራሱ ሐሳብ ነው አልኳት። ጥበቃ መለሰችው ልበላት እንዴ?

(ባርናቢ ሸሚዙ ላይ ያለውን ጭቃ ይጠርጋል።)

ባርናቢ፦ አይ፣ ልክ ብለሃል። የራሴ ሐሳብ ነው። ከመጀመሪያውም አስቤበት ነበር።

ኬልቪን፦ ጥሩ። ውሉ ላይ አስገባዋለሁ ብላለች። በየከተማው፣ ያቺ ዘፈን ስትደርስ፣ አንተ ትወጣለህ።

ባርናቢ፦ እወጣለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ።

ኬልቪን፦ አትመለስም።

ባርናቢ፦ አሥራ ሁለት ከተማ ሙሉ? ደረጃ ሥር?

ኬልቪን፦ ሻይ እተውልሃለሁ።

(ባርናቢ ወደ ጥበቃዋ ያያል። ጥበቃዋ ወደ ሰማይ ታያለች። ኬልቪን መቀሱን ከጭቃው አንስቶ በሱሪው ይጠርገውና ይሰጠዋል።)

ኬልቪን፦ በል፣ እንዳትጥለው። አሥራ ሁለት ጊዜ ያስፈልግሃል።