የአንቀጽ አሥራ አራት ጥርስ

ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የተሰመረችው የኖራ መስመር ከብዙ አገሮች ድንበር ይልቅ የተከበረች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድንበር ላይ ሰው ይገፋፋል፤ በዚህች መስመር ላይ ግን ጎረምሶች በፈቃዳቸው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ዘወትር ሰኞ ማታ፣ ወንድና ሴት ተቀላቅለው ሶፍትቦል በሚጫወቱበት የከተማው ሊግ፣ ሴት ዱላ ይዛ በቆመች ቁጥር ሜዳው ጥግ ሆነው ኳስ የሚጠብቁት ሁሉ ከመስመሯ ኋላ ይሰለፋሉ። ዱላው ኳሷን ሳይነካ ማንም ወደፊት አያልፍም።

የመስመሯ አባት ጎርደን ስቴንሩድ ነው። ቀድሞ ሴት ስትመታ ወንዶቹ አፍንጫዋ ሥር ድረስ ይጠጉ ነበር። ይህ ነውር ነው፤ ጎርደንም ነውርነቱን አይቶ መስመሯን አሰመረ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሰው አመስግኖት ይረሳው ነበር። ምስጋና ግን እንደ ጨው ውኃ ነው፤ በጠጡት ቁጥር ያስጠማል። የደኅንነትና የፍትሐዊነት ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ጎርደን ሊቀመንበር ሆነ፣ ደንቡም እየወለደ አሥራ ሦስት አንቀጽ ደረሰ። ሰውየው በሙያው የኢንሹራንስ ወኪል ስለሆነ አደጋን ከመድረሷ በፊት ያያታል። የምትደርስበትን ቦታ ብቻ ነው የሚስተው።

በብረታ ብረት ሱቁ ቡድን ውስጥ ኳስ ወርዋሪም እሱ ነው። በዚህ ጨዋታ መቺ ኳሷን መትቶ ማረፊያዎቹን በሩጫ ዞሮ ከገባ ነጥብ ነው፤ ኳሷ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ግን ከጨዋታ ይወጣል። ወርዋሪ ኳሷን በእርጋታ፣ ከታች ወደ ላይ አድርጎ ለመቺው ይሰጣል፤ መቺው ግን በእርጋታ አይመልስም። የተቃራኒ ቡድን ሴት ጥሩ ስትመታ ጎርደን ቦታውን ትቶ ይሄድና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ «ጎሽ፣ ለሴት ልጅ ጥሩ መታሽ» ይላታል። ከልቡ ነው። ክፋት የለበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር።

ሰኔ ላይ ጆሊን ካፕስ መታች። ጆሊን የወተት መኪና ሹፌር ናት፤ ለፒዛ ቤቱ ቡድን ትጫወታለች፤ የጎርደንን ልጅ ሊያገባ ቀን የቆረጠው ወጣት አክስትም ናት። ኳሷ ከዱላዋ ተነስታ ቀጥ ብላ ሄዳ የወደፊት ዘመዷን አፍ መታች። ጆሊን ሩጫዋን ትታ ወደ እሱ ሮጠች።

«ጎርዲ፣ ደህና ነህ?»

«ነፋሱ ነው» አለ ጎርደን፣ በመዳፉ ላይ ያለችውን ግማሽ ጥርስ እያየ።

ዳኛው ኤልሮይ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ቀና ብሎ የጣቢያውን ባንዲራ አየ። ባንዲራው እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። «የቱ ነፋስ?» አለ።

በማግስቱ ኮሚቴው በጎርደን ጋራዥ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። የብረታ ብረት ሱቁ ባለቤት ቬርን ሐሳቡን በአጭሩ አቀረበ።

«ወርዋሪ ሁሉ የብረት ጭምብል ያጥልቅ፤ አለቀ።»

«ከማን ኳስ ሊጠብቀን?» አለ ጎርደን።

«ኧረ ከማንም ኳስ።»

«የወንድ ኳስማ ሃያ ዓመት በባዶ ፊቴ ቀልቤያለሁ። አሁን በዚህ ሳምንት ጭምብል ብናጠልቅ ከሴት ኳስ ፈርተን ነው ማለት ነው። መስመሯን ያሰመርነው ደግሞ ሴት ሩቅ አትመታም ብለን ነው። ሁለቱ በአንድ ደንብ ውስጥ እንዴት ያድራሉ?»

ቬርን አሰበ። «ጥርስህስ?»

«ነፋስ ነው አልኩህ እኮ።»

በዚህ ጥልቅ ውይይት አንቀጽ አሥራ አራት ተወለደ፦ «ጭምብል የሴት ወርዋሪዎች የደኅንነት መብት ነው። ጭምብል ያጠለቀ ማንኛውም ተጫዋች በዚያ ጨዋታ በሙሉ፣ በደንቡ ፊት እንደ ሴት ይቆጠራል።»

«ይሄ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ምን ይሠራል?» አለ ቬርን።

«አጥር ነው። እሱን አንብቦ ጭምብል የሚያጠልቅ ወንድ ካለ እኔ አላውቀውም።»

ጥርሷ በጊዜያዊ መልክ ተለጠፈች። ሐኪሙ ዋናዋ ተሠርታ እስክትመጣ መጸው ይገባል፣ እስከዚያ ይቺን እንደ እንቁላል ያዛት አለው። ነሐሴ ገባ፤ ከተማው ሁሉ የተቀቀለ በቆሎ ከነቆረቆንዳው ሲግጥ ጎርደን በቢላ እየፈለፈለ በማንኪያ በላ። ይህንንስ ችሎት ነበር። የሊጉ ፍጻሜ ግን ሰኞ ሆነ፤ የልጁ የካርላ ሠርግ ደግሞ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ። በፍጻሜው የሚገጥማቸውም የፒዛ ቤቱ ቡድን ነው።

«አባዬ» አለች ካርላ እሑድ ምሳ ላይ፣ «እጄን ይዘህ የምታስገባኝ አንተ ነህ። ፎቶውን ዕድሜ ልኬን ነው የማየው። በዚያ ፎቶ ላይ ጥርስህ መሃል በር እንዳይኖር።»

«እኔ ልወርውር» አለች ሚስቱ ማርጊት። የቡድኑ ተጠባባቂ ወርዋሪ ናት። «ጭምብል አለኝ።»

«ሃያ ዓመት ለፍቼ፣ ፍጻሜውን ለሚስቴ?»

«እንግዲያው ጭምብሌን ውሰድ።»

«አንቀጽ አሥራ አራት አለ።»

«ማን ነው ያወጣው?»

«ኮሚቴው።»

«ኮሚቴውን እንዲህ በልልኝ» አለች ማርጊት፣ በቆሎዋን እየጋጠች፤ «ያቺን ጥርስ ቅዳሜ እፈልጋታለሁ።»

ሰኞ ጎርደን የሚስቱን ጭምብል አጥልቆ መጣ። ጠብባው ጉንጮቹን ወደፊት ገፍታበታለች። ኤልሮይን ወደ ዳር ጠራና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሐኪም ትእዛዝ ነው። ለዛሬ ብቻ።»

ኤልሮይ ደንቡን ከኋላ ኪሱ አውጥቶ፣ ጣቱን እያስኬደ አነበበ። «አንቀጽ አሥራ አራት» አለ።

«አውቀዋለሁ። መንፈሱን እይ እንጂ ኤልሮይ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፖስታ ያደልኩ ሰው ነኝ። መንፈስ አላደልኩም፤ የተጻፈበት ቤት ነው የማደርሰው።» ደንቡን አጥፎ መለሰው። «ዝግጁ ነሽ?»

«ምን አልክ?»

«ዝግጁ ነሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

ደንብ ደንብ ነውና፣ ከዚህ በኋላ ያለውም የሚተረከው በደንቡ መሠረት ነው። ጎርደን ወደ መወርወሪያ ቦታዋ ሄደች። ሱሪዋን ከፍ አደረገች፣ በጭምብሉ ቀዳዳ ምራቋን ልትተፋ ሞክራ አልሆነላትም፣ ወረወረች። የቡድኗ ወንዶች ቀና ብለው ሊያዩዋት አልደፈሩም፤ ሴቶቹ ግን አዘውትረው ያዩዋት ነበር።

ጨዋታው አንገት ለአንገት ሄደ። በመጨረሻው ዙር ጆሊን መጣች። ኳሷን ስትመታት ድምፁ እንደ ሰኔው ነበር፤ መንገዱም እንደ ሰኔው። ጭምብሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጮኸ። ኳሷ ወደ ላይ ነጥራ ስትመለስ አጠገቧ ቆማ ትጠብቅ የነበረችው ማርጊት ቀለበቻት፤ ጆሊን ወጣች። ጎርደን በምላሷ ጥርሷን ዳበሰች፤ ጥርሷ በቦታዋ ናት።

«ነፋስ ነው?» አለች ጆሊን በአጠገቧ ስታልፍ።

ጎርደን ጭምብሉን አስተካከለች።

ነጥቡ እኩል ሆኖ የብረታ ብረት ሱቁ የመምታት ተራ ደረሰ። ማርጊት ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ቆማ ለመሮጥ ተዘጋጅታለች። ከቡድኑ የቀረችው መቺ ጎርደን ናት። ዱላዋን አነሳች። በዚህ ጊዜ ጥግ ያሉት ተጫዋቾች ዞረው ወደ መስመሯ መሄድ ጀመሩ። ጎርደን ይህንን ከመወርወሪያው ቦታ ሆና ስንት ጊዜ አይታው፣ አክብሮት ይመስላት ነበር። ከዚህኛው በኩል ሲታይ ጀርባ ነው።

«ወዴት ነው የምትሄዱት?» ብላ ጮኸች።

«ወደ መስመሯ ነዋ፣ እታለም» አለ አንዱ። «አንቺው አይደለሽ ያሰመርሽው?»

«ቀስ ብለሽ ምቺ» አለች ጆሊን ከመስመሯ ላይ ሆና፣ «ክንድሽን እንዳያምሽ።»

የጎርደን ጆሮ ቀላ። ከሁሉም አናት በላይ አሳልፋ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጣሪያ ላይ ልታሳርፋት ቆረጠች። ኳሷ መጣች፤ ጎርደን የሃያ ዓመት ክብሯን በሙሉ ዱላው ላይ ጭና ወዘወዘች። ኳሷ በዱላው ጫፍ ተነክታ፣ ክንፏ እንደተቆረጠ ዶሮ ጥቂት ተፍጨርጭራ፣ ከቅርብ ጠባቂዎች አናት አልፋ ከመስመሯ በፊት ባለው ሰፊ ባዶ ሣር ላይ ዘፍ አለች። መስመር ባይኖር ሕፃን ይቀልባት ነበር። ማርጊት ሮጣ ገባች፤ ዋንጫው የብረታ ብረት ሱቁ ሆነ።

ጎርደን ጭምብሉን አወለቀ፤ ወደ ወንድነቱም ተመልሶ፣ ዋንጫውን ታቅፎ ንግግር አደረገ።

«ይህ ድል የላብ ውጤት ነው። አንዳንዶች መስመሯ ረዳችህ ይሉ ይሆናል። አልረዳችኝም። ኳሷን የመታኋት እኔ ነኝ፤ መስመር አይመታም።»

የሁለቱም ቡድን ሴቶች በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህችን ንግግር እያንዳንዳቸው በሆዳቸው ስንት ጊዜ አድርገዋት ያውቋታል፤ በዋንጫ ታጅባ ስትደረግ ግን ገና መስማታቸው ነው። ከዚያ ጆሊን መጣችና ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገችው።

«ጎሽ» አለች፣ «ለሴት ልጅ ጥሩ መታሽ።»

ከልቧ ነው። ክፋት አልነበረበትም።

ቅዳሜ ጎርደን ልጁን እጇን ይዞ አስገባ። ከሥርዓቱ በኋላ ሁለቱ ቤተ ዘመዶች ለፎቶ ደጁ ላይ ተሰበሰቡ። ፎቶ አንሺው ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ስለ አንቀጽም ስለ ጥርስም የማያውቅ ሰው ነው።

«ሴቶች ከፊት ለፊት፣ ወንዶች ወደ ኋላ» አለ።

ጎርደን አንድ እግሩን ወደ ኋላ አነሳ።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?» አለች ጆሊን።

ፎቶ አንሺው የተነሣውን ሳቅ አላባከነም፤ በዚያው ቅጽበት አነሳቸው። ፎቶው ዛሬም ካርላ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። ሙሽሮቹ፣ ማርጊት፣ ቬርን፣ የሙሽራው አያት ሳይቀሩ ስቀው ጥርሳቸው እስከ መንጋጋቸው ይታያል። ከመሃል አንድ ሰው ብቻ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ቆሟል። ጥርሷ ከዚያ ከንፈር ኋላ፣ ኮሚቴው እንደተመኘው፣ ፍጹም ደኅንነቷ ተጠብቆ አለች።