ወንበር የሰጠኝ ላፕቶፕ ሻጭ

ካምፓላ ውስጥ አሮጌ ላፕቶፕ የሚባል ነገር የለም፤ ዞሬ አይቻለሁና እመኑኝ። ሻጮቹን ከሰማችሁ፣ ለሽያጭ የቀረበው ሁሉ የአንዲት ፈረንጅ መነኩሴ ነበር። እሷም የምትከፍተው ከፋሲካ ፋሲካ ብቻ ነው፣ ያውም እጇን ታጥባ። ሴትየዋ ስንት ሺህ ላፕቶፕ እንደነበራት አትጠይቁኝ።

ጎረቤቴ ገነት ሁለት ዓመት ሙሉ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን እያጠበች ስትጠብቀው የኖረችው የአስተርጓሚነት ሥራ ክፍት ሆነና፣ ሰኞ በኢንተርኔት ለቃለ መጠይቅ ልትቀርብ ሆነ። ላፕቶፕ ደግሞ የላትም፤ የምትገዛው መሃል ላይ ቢጠፋባት አለቀላት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዕቃ ያውቃሉ አይደል?» አለችኝ።

በእኔ ዕድሜ አላውቅም ማለት ነውር ነው።

ኦልድ ካምፓላ የሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባን። ሻጩ «ሙዜ፣ አረፍ ይበሉ» ብሎ (በአገሩ አጠራር «አባባ» ማለቱ ነው) ወንበር ሳበልኝ። የተሸነፍኩት ያኔውኑ ነው። ወንበር የሰጠኝን ሰው መጠርጠር አልችልበትም። ላፕቶፑን ገለበጥኩት፣ አሸተትኩት፣ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ቆጥሬ ሳልጨርስ ዝናብ ዘንቦ፣ አባርቶ፣ መንገዱም ደረቀ።

«ባትሪውስ?» አልኩ ቅንድቤን ሰቅዬ።

«ሙዜ፣ ጠዋት ሞልተውት ጂንጃ ደርሰው ይመለሳሉ!»

ጂንጃ! በመኪና ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ! ራሴን በአድናቆት ነቀነቅኩ።

ገነት ቻርጀሩን ነቀለችው። ላፕቶፑ ድርግም አለ።

«አይ፣ መብራት ሄደ» አለ ሻጩ ከልቡ አዝኖ።

«ምን ይደረጋል» ብዬ አጽናናሁት። መብራት ሲሄድ የኖረበት ሰው፣ ሄደ ሲሉት አያጣራም።

«ኧረ ጋሼ!» አለች ገነት ወደ ጣሪያው እየጠቆመች። ቬንቲሌተሩ የቀረችኝን ፀጉር እየበታተነ ይሽከረከራል።

ስንወጣ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ብከፍት፣ «ቀጣዩም ሱቅ አብረውኝ ይግቡ» አለችኝ። ግራ ገባኝ። ነገሩ የተገለጠልኝ አራተኛው ሱቅ ላይ ነው። ሻጩ እኔን ይዞ ሲያወራ፣ ሲምል፣ ሲገዘት፣ እሷ ጥግ ላይ ቻርጀሩን ነቅላ፣ ካሜራውን ከፍታ፣ ድምጿን ቀድታ እያዳመጠች ላፕቶፑን አንድ ሰዓት ሙሉ ስትፈትን ዞሮ ያያት የለም። ገዛችው። ሰኞም ቃለ መጠይቁ አንዴ እንኳ ሳይቋረጥባት ሥራውን አገኘች።

አሁን ለአገር ሰው ሁሉ «ላፕቶፕ ስትገዙ ጋሼን ይዛችሁ ሂዱ» እያለች ትመክራለች። «ሻጩ እሳቸውን አታልሎ እስኪጨርስ፣ እናንተ በደንብ ትመረምራላችሁ።»

ቅር ያለኝ መሰላችሁ? ለቅዳሜ ብቻ ሦስት ቀጠሮ አለኝ።