የከሳ አማች

እኛ ዘንድ ሰው ሰላም የሚባለው በኪሎ ነው። ከዓመት በኋላ ያገኛችሁት ወዳጅ «ወፈርክ!» ካላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ሥራህ ደህና ነው፣ ቤትህ ሰላም ነው፣ አላህም አልረሳህም ማለቱ ነው። «ከሳህ» ካላችሁ ግን ነገር አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትከሻችሁን እየዳበሰ «አብሽር፣ ያልፋል» ይላችኋል። ምኑ እንደሚያልፍ አይነግራችሁም። በተለይ ዐረብ አገር የገባ ሰው ሥጋው የግሉ አይደለም፤ የቤተሰብ ንብረት ነው። ቢጨምር እልል ይባላል፣ ቢቀንስ ሽማግሌ ይሰበሰባል።

እኔ ሙሄ እባላለሁ፤ ጅዳ፣ ሸረፊያ ውስጥ ጀለቢያ እሰፋለሁ። የልብስ ሰፊ ሥራ መቀመጥ ነው። ድሮ እግሬ ፔዳል ለመርገጥ ያህል ይንቀሳቀስ ነበር፤ በኋላ ለስፌት መኪናው ሞተር ተገጠመለትና እግሬም ጡረታ ወጣ። አብሮኝ የሚኖረው ሰይድ ደግሞ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ሠሪ ነው። ምሳ ሩዝ በዶሮ፣ እራት ከምሳ የተረፈው ሩዝ፣ በመሃል ለስላሳ። በስድስት ዓመት ውስጥ የራሴን ሱሪ ወገብ አራት ጊዜ አስፍቻለሁ። በቪዲዮ ስደውል እናቴ ጉንጬን አይታ «ማሻአላህ!» ትላለች። ዘይነባን ያጨሁትም በዚሁ ጉንጭ ነው። አባቷ ሸህ ይመር፣ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ አንቱ የተባሉ ሰው፣ ስልኩን ተቀብለው አንድ ጊዜ አዩኝና ምንም ሳይጠይቁ «መርሐባ» አሉ።

ነገሩን ያበላሸችው መካ ናት። ለዑምራ ሄድኩ። ኢህራም ሁለት ነጭ ጨርቅ ነው፤ ሆድ አይደብቅም። በሰፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል ሰባት ጊዜ መመላለስ ነበረብኝ፤ ሦስተኛው ላይ ትንፋሼ አለቀና ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። አንዲት የወሎ ባልቴት፣ ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል፣ ሲመጡም አገኙኝ፣ ሲመለሱም አገኙኝ። በሦስተኛው ቆሙ።

«ልጄ፣ ሽማግሌ ነህ እንዴ?»

«የለም እማማ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

«ያ ረቢ!» ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ እንደዚያች «ያ ረቢ» ግን አጥንቴ ድረስ የገባ የለም።

ጅዳ ስመለስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሀኪሙ ወረቀቱን አየና «ስኳርህ አፋፍ ላይ ነው» አለኝ። «ሩዝ ኻላስ፣ ለስላሳ ኻላስ፤ በየቀኑ ተራመድ። ካልሆነ ዕድሜ ልክህን ክኒን ነው።» ስኳር በመጀመሪያ የአባቴን እግር፣ ቀጥሎ እሱን ራሱን ነው የወሰደብኝ። እናም ፈራሁ። ቀልድ አልነበረም፤ ያን ቀን የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስር፣ ሰላጣና የተጠበሰ ዓሣ ሆነ ምግቤ። ሰይድ ተቀየመኝ፤ ሩዙን ሳይሆን እናቱን የሰደብኩበት ያህል ሦስት ቀን አላናገረኝም። ከሱብሂ ሰላት በኋላ ደግሞ መራመድ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ከወር በኋላ ሶምሶማ ደረስኩ። እናንተ ግን በሸረፊያ መንገድ ጧት በጧት የሚሮጥ ሐበሻ ምን እንደሚመስል አስባችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ቀን ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁና ዞር ስል ሦስት ያገሬ ልጆች ነፍሳቸውን እስኪስቱ እየሮጡ ደረሱብኝ። አንደኛው ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ በእጁ ይዞታል።

«የፖሊስ ፍተሻው በየት በኩል ነው?» አለኝ እያለከለከ።

«ፍተሻ የለም፤ ለጤናዬ ነው የምሮጠው።»

እንዴት እንዳየኝ አልረሳውም። ለካ ለጤናው ለመሮጥ በመጀመሪያ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያስፈልገዋል ሰው።

በሦስት ወር ውስጥ አሥራ አራት ኪሎ ቀነስኩ። ሀኪሙ «መብሩክ!» ብሎ ጨበጠኝ። በዚያው ሰሞን አገር ቤት ደወልኩ፤ እናቴ ስታየኝ ጮኸች። ወሬው ከቤት ወጥቶ ሸህ ይመር ዘንድ እስኪደርስ በሦስት መልክ ተባዝቷል፦ ሙሄ ታሟል፣ ሙሄ ታስሯል፣ ሙሄን አሠሪው፣ ከፊል የሚሉት፣ በረሃብ እየቀጣው ነው። ሸህ ይመር «ልጄን ለበሽተኛ አልድርም፤ ኒካው ይቆይ» ብለው ላኩብኝ። እኔ ሞኙ የክሊኒኩን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ላክሁ። እሳቸውም ወረቀቱን አስነብበው «ይኸው! ጤነኛ ሰው ሀኪም ቤት ምን ይሠራል?» አሉ። ዘይነባ ደውላ «እኔስ አምንሃለሁ፤ አባቴ ግን ዐይናቸውን ነው የሚያምኑት» አለችኝ። ዘይነባን ማጣት ከስኳሩ በላይ አስፈራኝ።

ስለዚህ በሙያዬ ገባሁበት። ከውስጡ ስፖንጅ ያለው ሰደርያ ሰፍቼ ከሸሚዜ ሥር ለበስኩ። ሰይድም ታርቆኝ ስልኬ ላይ ፊት የሚያሰፋ ፕሮግራም ጫነልኝ። ዓለም ሁሉ ቀጥኖ ለመታየት የሚጠቀምበትን ነገር ለመወፈር የተጠቀምኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሸህ ይመር በስልክ አዩኝና «አሁን ሰው ሆንክ» አሉ። ኒካውም ነፍስ ዘራ።

ደስታዬ የቆየው የመንደራቸው መስጊድ ሰዎች አዋጥተው ሸህ ይመርን ለዑምራ እስኪልኩ ድረስ ነው። ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ በሻዕባን መጡ። መካ ሄጄ ልቀበላቸው ግድ ሆነ፤ በኢህራም፣ ያለ ሰደርያ። በታላቁ መስጊድ፣ በሐረሙ በር ላይ ወፍራም ወፍራሙን ሐበሻ እያዩ በአጠገቤ አልፈውኝ ሄዱ። ተከትዬ እጃቸውን ሳምኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

ካዕባን የሚዞሩበትን ጠዋፍ ጨርሰን ሰፋ ላይ ወጣን። እሳቸው ራሳቸው እንደ በትር የቀጠኑ፣ ኮምቦልቻ ገበያ በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱ ሰው ናቸው። ወንዶች የሚሮጡበትን ቦታ የሚያመለክተው አረንጓዴ መብራት ጋ ሶምሶማ ሲሉ እኔም ሶምሶማ አልኩ። ሰባቱንም ጎን ለጎን ጨረስን። አልተቀመጥኩም፣ አላለከለክሁም። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያሻል ብዬ ልቤ በደስታ ሞላ።

«እግርህስ ደህና ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

«አልሃምዱሊላህ አባቴ፤ ስኳሩም ወርዷል።»

«ስማኝ ልጄ። ለሚሄድ ሰው ከሆነማ መንደራችን ሞልቶ የለ? እኔም ያረጀሁት ስሄድ ነው። ዘይነባ ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ታውቃለህ። ለጅዳ ሰው ልስጣት ያልኩት ቁጭ ብሎ ለሚበላ፣ እሷንም ቁጭ አድርጎ ለሚያበላ ብዬ ነው።»

ሀኪሙ ስለዚህ በሽታ አልነገረኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር።

ከሐረሙ ወጣ ብሎ ካለ ምግብ ቤት ገባንና ሩዝ በሥጋ አዘዝኩ። እሳቸው ሁለት ጉርሻ ወስደው እጃቸውን ሰበሰቡና እኔን ይመለከቱ ጀመር። ሁለተኛ ሳህን ስጠይቅ ፊታቸው በራ።

«ማሻአላህ!» አሉ፤ «በሽተኛስ አይደለህም።»

ኒካው ከረመዳን ቀጥሎ ላለው ወር፣ ለሸዋል ተቆረጠ። የሀኪሙም ቀጠሮ በሸዋል ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይላሉ፤ እነሱ ምናልባት ልብስ ሰፊ አልነበሩም። እኔ ለኒካው ሱሪ ሰፍቼ ወገቡ ላይ ላስቲክ አድርጌበታለሁ።